በሁለት ኳሶች መካከል

የክሪኬት ጨዋታ በዝግታው የታወቀ ነው። ወርዋሪው ቀዩን ኳስ በሱሪው ላይ እያሻሸ ወደ መነሻው ሲመለስ፥ ባለዱላውም በዱላው ጫፍ መሬቱን እየነካካ ሲጠባበቀው የሚያልፈው ጊዜ፥ ኳሱ በአየር ላይ ከሚቈይበት ጊዜ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለውም ውሎ በታላላቆቹ ግጥሚያዎች እስከ አምስት ቀን ይዘልቃል። ስለዚህ ጨዋታውን በራዲዮ ለሚያስተላልፍ ሰው መከራው የሚጀምረው ምንም በማይሆንበት ጊዜ ነው፤ አድማጭም አንዱን ወዶ ሌላውን የሚጠላው፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ በዚያ ባዶ ጊዜ በሚሰማው ነገር ነው።

ሥራው በእንግሊዝ አገር የተጀመረው በካህን አፍ ነው። ዘመኑን በፈረንጆች አቈጣጠር ብንቈጥር፥ በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር የኤሴክስ ቡድን ከኒውዚላንድ እንግዶች ጋር በሌይተን ሜዳ ሲጋጠም፥ ቢ.ቢ.ሲ. ማይክሮፎኑን የሰጠው ለቄስ ፍራንክ ጊሊንግሃም ነበር፤ እሳቸውም ራሳቸው ለኤሴክስ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። ስብከት የለመደ አንደበት ነገር የሚያልቅበት አይመስልም፤ ዳሩ ግን አንድ ቀን ዝናም ጨዋታውን ቢያቋርጠው የሚሉት ጠፍቷቸው፥ በሜዳው ዙሪያ የተሰቀሉትን የንግድ ማስታወቂያዎች አንድ በአንድ አነበቡ ይባላል። ማስታወቂያ እርም ለሆነበት ለቢ.ቢ.ሲ. ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

በ1938 ዓ.ም. ደግሞ ከዚህ የሚደንቅ ነገር ተሠራ። የአውስትራልያ ቡድን ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ሲጫወት፥ በሲድኒ ስቱዲዮ የተቀመጡት አስተላላፊዎች፥ ከነሱም አንዱ አላን ማክጊልቭሬይ፥ ሜዳውን ሳያዩ፥ በባሕር ማዶ ቴሌግራም በአኅጽሮት የሚደርሳቸውን ጥቂት ቃል እያሰፉ እንደ ዓይን ምስክር ይተርኩ ነበር። ዱላው ኳሱን ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ እንጨት በእርሳስ እየመቱ፥ የሕዝቡንም ጭብጨባ ከሸክላ እያወጡ ያሰሙ ነበር፤ ቴሌግራሙ የዘገየ እንደ ሆነ ጊዜውን የሚያስረዝሙበትን ነገር ከራሳቸው ያመነጫሉ። አድማጩም ብልሃቱን እያወቀ እንቅልፉን አጥቶ ያዳምጥ ነበር።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጆን አርሎት ነው። በሳውዝሃምፕተን ፖሊስ ሆኖ ሲያገለግል ግጥም ይጽፍ የነበረው ይህ ሰው፥ በቢ.ቢ.ሲ. የምሥራቅ ክፍል ጆርጅ ኦርዌል ይዞት የነበረውን የሥነ ጽሑፍ ወንበር ተረክቦ ሳለ፥ በ1946 ዓ.ም. የሕንድ ቡድን ወደ እንግሊዝ ሲመጣ ወደ ክሪኬት ተላከ። ልሳኑ የባላገር ነበር፤ የዚያን ጊዜው ራዲዮ የመኳንንት አፍ የሚወድ በመሆኑ የሃምፕሺር ቃናው የአንዳንድ ሹማምንትን ጆሮ ቈረቈረ፤ እሱ ግን አልለወጠውም። የወርዋሪውን አረማመድ፥ የደመናውን አመጣጥ፥ በመቀመጫው ያንቀላፋውን ተመልካች፥ ቅኔ እንደሚዘርፍ ሰው ቃል እየመረጠ ይናገርና ዝም ይላል፤ በዚያ አርምሞ ውስጥ የሜዳው ድምፅ ራሱ ይሰማል። በቀለሙ ምክንያት ለደቡብ አፍሪካ ቡድን እንዳይጫወት የተከለከለው ባዚል ዶሊቬራ የእርዳታ ደብዳቤ የጻፈው ለአርሎት ነበር፤ ድምፁን በራዲዮ ሰምቶ ርኅሩኅ ሰው መሆን አለበት ብሎ ስላመነ ነው። አርሎትም ሥራ አፈላልጎለት ዶሊቬራ በ1960 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ቢ.ቢ.ሲ. እያንዳንዱን ኳስ ሳያስቀር ማስተላለፍ ሲጀምር ባዶው ጊዜ እጅግ በዛ። አስተላላፊው ብራያን ጆንስተን በቀልድና ለባልደረቦቹ በሚያወጣው የቅጽል ስም፥ አድማጮች በሚልኩለትም የኬክ ወሬ ሞላው። ሕዝቡ ወደደው፤ እኔ ግን ቀልድ ሲበዛ ጨዋታው ይጠፋብኛል። ሆኖም በ1991 ዓ.ም. ባለዱላው ኢያን ቦታም እግሩን ከኋላው በተተከሉት ዘንጎች ላይ ለማሻገር ሲሞክር ነክቷቸው ከጨዋታ በወጣ ዕለት፥ የጆንስተን ባልደረባ ጆናታን አግነው የተናገራት አንዲት ቃል ሰምና ወርቅ ነበረቻትና፥ ጆንስተን በሳቅ ታፍኖ መናገር ሲያቅተው አብሬ መሣቄን አልክድም።

አርሎት በ1980 ዓ.ም. በሎርድስ ሜዳ የመጨረሻውን ተራውን ሲጨርስ፥ የስንብት ንግግር አላደረገም፤ እንደ ልማዱ ከእሱ ቀጥለው የሚናገሩትን በስማቸው ጠርቶ ተነሣ። የሜዳው ድምፅ ማጉያ ነገሩን ለሕዝቡ ባስታወቀ ጊዜ ግን ጨዋታው ቆመ፤ ተጋጣሚዎቹ አውስትራልያውያን ወደ እሱ ዞረው አጨበጨቡ፥ ዱላ ይዞ የነበረውም ጄፍሪ ቦይኮት ጓንቱን አውልቆ አጨበጨበ።