የኅዳር ከረጢት



አዲስ ወር በገባ ቁጥር ባለፈው ወር ከበላሁት የጣመኝን፣ ከሰማሁትና ካነበብኩት ልቤን የነካውን፣ ለጤናም በጀኝ ያልኩትን በደብተሬ ማስፈር የቆየ ልማዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ ከየአቅጣጫው የተለቃቀመ፣ አንዱ ከሌላው የማይዛመድ ነው። ያለፈው ኅዳር ግን ለየት አለብኝ፤ ሁሉም በአንድ ከረጢት መጣ።

የአክስቴ ልጅ መስከረም ላይ ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ነበር። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ጎንደር ተመለሰና ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ዘመድ አንድ የስኳር ከረጢት አስያዘልኝ። ከረጢቱን ስፈታው በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ የሰሊጥ ዘይት፣ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ዕጣን፣ በክብሪት ቀፎ ውስጥም ጥፍር የምታህል የስልክ ሚሞሪ ካርድ አገኘሁ። ዘመዳችን ዕቃውን ካስረከበኝ በኋላ በር ላይ ቆም ብሎ፣ «ልጁ ግን ትኩሳት ይዞታል» አለኝ። ከቆላ ተመልሶ ትኩሳት የያዘው ሰው ዘመድ ምን እንደሚሰማው የጎንደር ሰው ያውቀዋል።

ከዘይቱ ልጀምር። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም በገባ በማግስቱ ባቄላ አሳድሬ ቀቀልኩና በብርጭቆ ቂጥ ደቁሼ ፉል ሠራሁ። ቀይ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ከሙን፤ በላዩ ላይ ያንን ዘይት። በአዲስ አበባ ቁርስ ቤቶች ፉል ያልበላ የለም፤ ነገር ግን በገበያ ዘይት የተሠራው ፉልና በሰሊጥ ዘይት የተሠራው ፉል ስማቸው እንጂ ጣዕማቸው አንድ አይደለም። ሱዳኖች ፉልን ያለ ሰሊጥ ዘይት ማቅረብ እንደ ነውር ቢያዩት አይገርመኝም። በእነርሱ አገር ግመል ዙሪያውን እየዞረ በሚያሽከረክረው የእንጨት መጭመቂያ ሰሊጥ ሲጨመቅ ዘመናት አልፈዋል። እኛም ጀበናን «ጀበና» ስንል እነርሱም እንዲሁ ይሉታል፤ ቡናው ውስጥ ዝንጅብል መጨመራቸው ብቻ ነው ልዩነቱ። (እኔ ዝንጅብሉን ወድጄዋለሁ። እናቴ ግን እንዳትሰማ።)

ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው ተክል ነው። ፍሬውን የያዘው ሽፋን ሲደርቅ ራሱን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ይበትናል። አሊባባ በተረቱ ዋሻውን ለመክፈት የሰሊጥን ስም መጥራቱ ከዚህ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። ስለዚህ ማሳው ገና ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው ቀጥ ብሎ ተደግፎ መቆም አለበት፤ «ሂላ» ይሉታል ክምሩን። ሲደርቅ ነዶውን ገልብጦ ማራገፍ ነው። በዚያ ጥቂት ቀን ውስጥ የሚፈለገው የሰው ክንድ ብዛት ቆላው ካለው ሕዝብ በላይ ነው። ለዚህም ነው በየዓመቱ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ እጅግ ብዙ ወጣት ማጭዱን በትከሻው አንግቦ የሚወርደው። ከወረዱት አንዳንዶቹ እዚያው ይቀራሉ፤ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የሚኖሩትን «ሳሉግ» ይሏቸዋል። የጎንደር ሰሊጥ የሚባለው በምርት ገበያ በስሙ የሚጠራ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። ያጨደው ሰው ግን ስም የለውም።

ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንዳ ውሃና በኮኪት አድርጎ መተማ የሚደርሰው መንገድ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ነጋዴ ባሕር የሚለው ስም ብቻውን ታሪክ ይናገራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ መንገድ ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና በቅሎ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ ጨርቅ፣ ዶቃና ማርያ ቴሬዛ ብር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህን ዘልሎ ስለ መተማ ገበያ ድምቀት ማውራት ለእኔ አይሆንልኝም። ገበያውን የያዙት ተክሩሪ የሚባሉት ነበሩ። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ፣ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ወደ መካ ሲጓዙ መንገድ ላይ የቀሩ ሙስሊሞች ናቸው። ሼኻቸው ለካርቱሙ የግብፅ መንግሥትም ለኢትዮጵያም ይገብር ነበር። ሁለት ጌታ ማገልገል አይቻልም ቢባልም ድንበር ላይ ለሚኖር ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ምርጫ የለውም።

እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው መተማ ግን ገበያው አይደለም፤ ሁለት ቀን ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት መተማ ላይ የመሸገውን የድርቡሽ ጦር ገጠመ። ድሉ ወደ ኢትዮጵያ ባዘነበለበት ሰዓት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግስቱም ዐረፉ። ያሸነፈ ሠራዊት ንጉሡን አጥቶ ተበተነ፤ የንጉሡም ራስ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከዚያ አስቀድሞ በጥር 1880 ዓ.ም. የአቡ አንጃ ጦር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርጎ፣ ያንኑ የነጋዴ መንገድ ተከትሎ ወጥቶ ጎንደርን አቃጥሏል። የድንበሩ ከተማ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ይባላል። ያ ቀን ሊረሳ ይገባል የሚል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አንድ አገር ሁለት መቶ ዓመት የተገበያየበትን ስፍራ በሁለት ቀን ውጊያ ብቻ ሲያስታውስ፣ በቀረው ዘመን እዚያ የኖረው፣ የነገደውና ያረሰው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። የጉሙዝ ሰዎች በእነ ኩመርና ሽንፋ አካባቢ ማሽላቸውን ሲያመርቱ በየትኛው የታሪክ መጽሐፋችን ምዕራፍ ተጠቀሱ?

ድንበሩ ራሱ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል ጋላባት ከዚያ ማዶ፣ መተማ ከዚህ ማዶ ቀሩ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ በጄኔራል ስሊም የሚመራ የሕንድ ብርጌድ ጋላባትን ከጣሊያን ለማስለቀቅ እዚያው ተዋግቷል፤ መተማን ግን በዚያን ጊዜ አልያዘም።

ወደ ሚሞሪ ካርዷ ልለፍ። ስልኬ ውስጥ ከትቼ ስከፍታት ከአርባ የማያንሱ የሱዳን ዘፈኖች ተደረደሩ። ከሁሉም ደጋግሜ የሰማሁት መሐመድ ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበውን ኮንሰርት ነው። ወርዲ በ1932 በኑቢያ የተወለደ፣ በኑቢያና በዐረብኛ ያዜመ፣ በ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት ምክንያት ከአገሩ ወጥቶ ለዓመታት በስደት የኖረ ድምፃዊ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሲዘፍን ስደተኛ ነበር። የተቀዳውን ስትሰሙት ሕዝቡ ከዘፋኙ ቀድሞ ግጥሙን ይጨርሳል። ዐረብኛ የማልሰማው እኔ እንኳ ዜማው የት እንደሚወርድ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ምሥጢር የለውም፤ የመካከለኛው ሱዳን ዘፈን እንደ እኛ ትዝታና ባቲ በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠራ ነው። ከመተማ ማዶ ያለው ሰው ሃይማኖቱም ቋንቋውም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሲያንጎራጉር ግን ጆሯችን አይሳሳትም። የኛ አገር ሰው ለሱዳን ዘፈን ያለው ፍቅር ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ወርዲ ወደ አገሩ ተመልሶ በ2012 ካርቱም ውስጥ ዐረፈ። ያቺ ካርቱም ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ስትነድ ነዋሪዋ ከሸሸባቸው በሮች አንዱ የመተማ ድልድይ ነበር። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያች ድልድይ ተሻገሩ። ኩመርና አውላላ የሚሉት የሰፈር ስሞች በዚያው ዓመት የስደተኛ ጣቢያ ስም ሆኑ፤ ኩመር ውስጥ ኮሌራ ገባ፤ አካባቢው ራሱ ሰላም ስላልነበረው የሸሹት እንደገና ሊሸሹ ፈለጉ። የአክስቴ ልጅ እንደነገረኝ ዘፈኖቹን ለሚሞሪ ካርዷ የገለበጠለት ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነው፤ ገንዘብ አልተቀበለውም።

ከካርዷ ጎን ያነበብኩት መጽሐፍም ነበረኝ፤ ዶክተር ሄንሪ ብላንክ እ.ኤ.አ. በ1868 ስለ እስራቱ ያሳተመው ትረካ ነው። ብላንክ፣ ራሳምና ፕሪዶ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የተላኩ የእንግሊዝ መልእክተኞች ሲሆኑ በ1865 ኅዳር ላይ መተማ ገብተው ንጉሠ ነገሥቱ አጃቢ እስኪልኩላቸው ወር ያህል ተቀመጡ። ቴዎድሮስ እዚያው ቆላ ጫፍ ቋራ የተወለዱ ናቸውና አገሩን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የግብፅ መድፍ ያስተማራቸውንም አልረሱም። መልእክተኞቹ መተማን ለቀው ሲወጡ ከፊታቸው የዓመታት እስር እንደሚጠብቃቸው አያውቁም ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ጸሐፊው ሐኪም መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ደገኛም ሆነ ፈረንጅ በክረምት ቆላ አይወርድም፤ ንዳዱን ይፈራል። ነጋዴው እንኳ ዝናቡ ሲያባራ ጠብቆ ነበር የሚወርደው።

ዕጣኑን ያጨስኩት ኅዳር 12 ነው። «ኅዳር ሲታጠን» ብለን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥልበት ይህ ቀን በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የጨረሰው የዓለም ኢንፍሉዌንዛ መታሰቢያ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ጎረቤቶቼ ደጅ ላይ ቅጠልና ወረቀት ሲያነዱ እኔ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥዬ ቋጠሮውን ፈታሁ። ጭሱ ወረርሽኝ ይመልሳል ብዬ አይደለም። አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ። ዕጣኑ ይሁን ዝምታው መለየት አልቻልኩም።

ይህ ዕጣን የሚወጣበት ዛፍ፣ በአንዳንዱ ስሙ ዋልያ መቀር፣ ድንጋያማውን የመተማን ተዳፋት የሚወድ፣ በጋውን ሙሉ ቅጠል አልባ ሆኖ የሚቆም ነው። መስከረም ሲወጣ ቅርፊቱን በትንሽ ስለት ይልጡታል፤ የሚፈሰው ነጭ ወተት ደርቆ ሲንጠለጠል ይለቅሙታል፤ ቁስሉን አስፍተው እንደገና ይልጡታል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ክረምት መግቢያ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ መተማ አካባቢ ዛፎቹን እየቆጠሩ የተሠራ ጥናት አሮጌዎቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ወጣት ዛፍ እንደሌለ አሳይቷል። ቡቃያው ይበቅላል፤ እሳትና ከብት አያሳድጉትም። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከአሥሩ ዛፍ ዘጠኙ እንደሚጠፋ ገመቱ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየቡናው የምናጨሰው ዕጣን ከአያቶች እየተለቀመ ተተኪ የማያገኝ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ትኩሳቱ። የቆላ ትኩሳት ሁለት ፍርሃት አለው። አንደኛው ወባ ነው፤ እርሱን ያደግንበት ነው። ሁለተኛው ካላዛር ነው። የአሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች፤ የምትኖረውም በዚያው ሰሊጥ በሚያበቅለው ጥቁር መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ነው። ሠራተኛው ቀን ያጭዳል፣ ሌሊት ሜዳ ላይ ይተኛል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሰፋፊ እርሻዎች ወደ ሁመራና መተማ ደገኛውን ሲጠሩ በሽታው አብሮ ተነሳ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ከቆላው ርቆ ሊቦ ከምከም ላይ ወረርሽኝ ሆኖ ታየ። ሳምንታት የሚዘልቅ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፣ የሚከሳ ሰውነት ነው ምልክቱ። ካልታከመ ይገድላል፤ ከታከመ ይድናል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ ሕክምና መኖሩ ለእኛ ቤተሰብ ባዶ ወሬ አይደለም፤ የአጎታችን ልጅ እዚያ ድኗል።

በደብተሬ ላይ ስለዚህ በጤና ረድፍ ዕጣኑን አልጻፍኩም። የጻፍኩት ከጣት ጫፍ የምትወሰደውን አንዲት ጠብታ ደም ነው። ኅዳር 20 ስልክ ደወለ።

«ጋሼ፣ ካላዛር የለብህም አሉኝ። ወባ ነው። ኪኒኑን ጀምሬያለሁ።»

ተመስገን አልኩ። ቀጥሎም ሐኪሙ ምን እንዳለው ጠየቅኩት። በሚቀጥሉት ወራት ትኩሳቱ ከተመለሰ ቶሎ እንዲመጣ ነግሮታል፤ በሽታው ተደብቆ ሊቆይ ይችላልና። በመጪው መስከረም ትወርዳለህ ወይ ብዬ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። የእህቶቹን የትምህርት ወጪ የሚሸፍነው ያ ሰሊጥ ነው፤ እኔም ዘይቱን እየበላሁ ነው።

እርሱ ግን ሌላ ነገር አሳስቦት ነበር። «ካርዷን መልስልኝ እንጂ፣ ሌላ ቅጂ የለኝም» አለኝ።

ትናንት ጎንደር ለሚሄድ ሰው ሰጠኋት፣ በዚያው በክብሪት ቀፎዋ።