አንቲኖሪ ያላያት የአንኮበር ወፍ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መንበር በነበረችበት ዘመን፣ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሁሉ የአዳልን በረሃ አቋርጦ፣ ዳገቱን በበቅሎ ወጥቶ፣ ለንጉሡ እጅ መንሻውን ሳያቀርብ ወደ መሐል አገር መዝለቅ አይሆንለትም ነበር። በዘመነ ሣህለ ሥላሴ፣ በ1841 (ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን መቍጠሬ ነው) የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ ጽፏል፤ እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ኢጣሊያዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው።

ይህ ሰው በ1876 የአገሩን የጂኦግራፊ ማኅበር ጓደኞቹን እየመራ ሲመጣ 65 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ከአንኮበር በታች፣ ሌት ማረፊያ በተባለው ስፍራ መሬት ስለ ሰጡት፣ በአደን ላይ ጠመንጃ ቀኝ እጁን ቢጐዳውም እንኳ ሥራውን ሳይተው፣ በ1882 ሞቶ እዚያው እስኪቀበር ድረስ አዕዋፍን ሲሰበስብ ኖረ። የሰበሰበውም ወደ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ተልኮ፣ ሊቁ ሳልቫዶሪ በ1884 ስለ ሸዋ አዕዋፍ ላሳተመው መጽሐፍ መሠረት ሆነ።

ከዚያ ሁሉ ድካም ያመለጠች አንዲት ወፍ ነበረች። ከድንቢጥ አትበልጥም፤ መላ አካሏ ቡናማ ሆኖ በጥቋቍር ሰረዝ የተዥጐረጐረ ስለ ሆነ፣ ከደረቀ ሣርና ከድንጋይ መለየቷ ያስቸግራል። አንቲኖሪ የከረመበት ደን ላባቸው በሚያብረቀርቅ አዕዋፍ የተሞላ ሲሆን፣ እርስዋ ግን ከዚያ በላይ፣ ብርድና ጉም በማይለየው የገደል አፋፍ ከመሰሎቿ ጋር መሬት ለመሬት እየተንቀሳቀሰች የሣር ፍሬ ትለቅማለች፤ ጐጆዋንም በዛፍ ላይ ሳይሆን በተናደ አፈር ሽንቍር ውስጥ ትሠራለች። ብትታይስ ማን ልብ ይላታል?

ልብ ያላት የእንግሊዙ የአዕዋፍ ሊቅ ጆን አሽ ነው፤ ይኸውም በ1976፣ አንቲኖሪ ሸዋ በገባ ልክ በመቶኛው ዓመት። በ1979ም ሴሪኑስ አንኮበሬንሲስ የሚል ስም አወጣላት። ስሟ በከተማዋ ይጠራ እንጂ፣ በኋላ በመንዝ ጓሳ ሜዳና በሰሜን ተራሮችም ጅብራና ጭላዳ ባለበት ከፍታ ተገኝታለች።