በብርድ የተጠበቀ የወሎ ዘር

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም የቦርከናን ሸለቆ ተከትሎ ለሚወርድ መንገደኛ የደጋው ገብስ ለማሽላ ቦታውን ሲለቅ ይታየዋል። ከወሎ ማሽላዎች መካከል ገበሬው «ወተት በጉንጬ»ና «ማር ጩቄ» ብሎ የሰየማቸው ይገኛሉ፤ ስሙ ራሱ ጣዕማቸውን ይመሰክራል። ፍሬያቸው ጭምድድ፣ ምርታቸውም አነስተኛ በመሆኑ ከሌላው ማሽላ ጋር ተደባልቀው ይዘራሉ፤ እሸታቸውም ተጠብሶ ይበላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከወሎ የተገኙ ሁለት የማሽላ ዓይነቶች ላይሲን በተባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር እጅግ የበለጸጉ መሆናቸውን አስታወቁ። በዚያው ዓመት ወሎ በረሀብ ታልቅ ነበር።

ረሀብ ዘርንም ይጨርሳል፤ የተራበ ገበሬ ለዘር ያኖረውን መብላቱ አይቀርምና። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ይህ ሥጋት በረታ። በጀርመን ርዳታ እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል፣ በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት፣ ከተጎዱት አካባቢዎች ዘር እየሰበሰበ አኖረ።

ባክቴሪያን በጥልቅ ብርድ የሚያኖር ባለሙያ ውሃው በረዶ ሆኖ ሕዋሱን እንዳይሰነጥቅ ግሊሰሮል ይጨምርበታል። ዘር ግን የሚድነው በመድረቁ ነው፤ ስለዚህ ለመሐንዲሱ ማድረቂያው ከማቀዝቀዣው አያንስም። እርጥበቱ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል፤ በአሉሚኒየም ከረጢት ታሽጎም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ይቀመጣል። በየጊዜው ጥቂት ፍሬ ወጥቶ ይፈተናል፤ የመብቀል ኃይሉ የደከመ ናሙና ተመልሶ ይዘራል። በኋላም ማዕከሉ የአገሬውን ዘር በወሎና በሸዋ ገበሬዎች ማሳ ላይ እንዲለማ መለሰ።