ሰሙን ማን ሠራው?

«ሰምና ወርቅ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ተማሪ በዚህ ግቢ ውስጥ አለ ብለን አንገምትም። ከልጅነት ጀምሮ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተምረነዋል፤ ፈተና ላይ ወጥቶልናል፤ አንዳንዶቻችንም ወድቀንበታል። የቅኔው ላይ ላዩ ሰም፣ የውስጡ ምሥጢር ወርቅ ነው ብለን ጽፈን አስረክበናል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን እንኳ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ላሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ቃል አርእስት አድርጎ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የቅኔ ስልት መጠሪያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሕዝብ አስተሳሰብ መለያ ተደርጎ ሲጠቀስ እንሰማለን። ለመሆኑ ግን ሰምና ወርቅ በአንድ ቤት ውስጥ ሲሠሩ በዓይኑ ያየ ከመካከላችን ማነው? ቃሉን ለቅኔ ያዋሰውን ሰው ደጅ ያንኳኳስ?

እኛም አላንኳኳንም ነበር። ባለፈው ሴሚስተር ግን ሦስት ሆነን፣ ከስድስት ኪሎ በእግር ሩብ ሰዓት ወደማይፈጅ አንድ የአንጥረኛ ቤት ሄድን። አባት፣ ወንድ ልጃቸውና ሴት ልጃቸው በአንዲት ጠባብ ክፍል አብረው ይሠራሉ። አባትየውን ስማቸውን ትተን «አባባ» እያልን እንቀጥላለን፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

የደረስነው አንድ ሰው የአንገት መስቀል ባዘዘበት ዕለት ነበር። ሥራው በብር አልተጀመረም፤ በንብ ሰም ነው የተጀመረው። ሴት ልጃቸው የሰሙን ድቡልቡል በመዳፏ እያሸች አለሰለሰችው፣ ጣውላ ላይ እያንከባለለች እንደ ክር አቀጠነችው፣ ከዚያ በትንሽ ቢላዋና በወፍራም መርፌ ክንፉን፣ ሐረጉን፣ የማንጠልጠያውን ቀለበት አወጣች። ደንበኛው አጠገቧ ተቀምጦ «ይሄ ጫፉ ትንሽ ይስፋ» ይላል፤ እሷም ታሰፋለች። «አይ፣ በዛ» ይላል፤ ትቀንሳለች። ንድፍ ማለት እዚያ ቤት ይኸው ነው። ወረቀት የለም፤ ወረቀቱ ሰሙ ራሱ ነው።

ሰሙ አልቆ ተመዘነ። ለምን እንደሚመዘን ስንጠይቅ ወንድ ልጁ በሒሳብ አስረዳን። ለአንድ ግራም ሰም፣ ብር ከሆነ አሥራ አንድ ግራም ያህል፣ ንጹሕ ወርቅ ከሆነ ሃያ ግራም ያህል ይፈለጋል፤ ማዕድኑ ከሰሙ የዚያን ያህል ይከብዳልና። ቀጥሎ ለፈሳሹ መግቢያ የሚሆን ወፍራም የሰም ዘንግ ከመስቀሉ ግርጌ ተቀጠለ። ከዚያ ጭቃው መጣ። መጀመሪያ በወንፊት የተነፋ የሸክላ አፈር በውሃ ቀጥኖ በላባ ተቀባ፤ እሱ ሲደርቅ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተደገመ፤ በመጨረሻ ከፋንድያ ጋር የተቦካ ወፍራም ጭቃ ለበሰና በጥላ ተቀመጠ።

በአራተኛው ቀን ተመልሰን ስንሄድ ጭቃው ከሰል ላይ ነበር። ሰም 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድን አለፍ ሲል ይቀልጣል፤ ብር 962፣ ወርቅ ደግሞ 1064 ዲግሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰሙ ቶሎ ነው የሚሄደው። በቀዳዳው ወርዶ ቆርቆሮ ላይ ተጠራቀመ፤ የቀረው ጢስ ሆነ። ጭቃው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ብሩ ቦራክስ ተነስንሶበት በማቅለጫው ውስጥ እንደ መስተዋት ማብራት ሲጀምር አባባ በጉጠት አነሱትና ጭቃው ሳይቀዘቅዝ ባንድ ትንፋሽ አፈሰሱት። ትንሽ ቆይቶ ጭቃው በመዶሻ ተሰበረ። የመስቀሉ አንዱ ክንፍ ግን ጎዶሎ ወጣ! ብሩ ጫፉ ድረስ ሳይደርስ ረግቶ ኖሯል። አባባ አልተቆጡም፤ አላዘኑምም። ብሩን መልሰው ማቅለጫው ውስጥ ጣሉትና ልጃቸውን «ሰሙን እንደ ገና ሥሪ» አሏት። አራት ቀን እንደ ገና ማለት ነው። ቅርጹም ጭቃውም አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ስለዚህ በዚህ ዓይነት ከሚወጡት መስቀሎች ሁለቱ ፍጹም አንድ አይሆኑም።

ክፍል ውስጥ የተማርነው ያጠራጠረን እዚህ ላይ ነው። ሰሙ ልባስ ነው፣ ገፈፍ አድርጋችሁ ጣሉትና ወርቁን አግኙ ተብለናል። ለቅኔ ፍች ይህ ይሠራ ይሆናል። በአንጥረኛው ቤት ግን ሰሙ ልባስ አይደለም፤ ልባሱ ጭቃው ነው። ሰሙ መልኩ ነው። ወርቁ የራሱ መልክ የለውም፤ ሰሙ ትቶለት የሄደውን መልክ ይዞ ይወጣል። በሁለተኛው ጊዜ የተሳካውን መስቀል ጀርባውን ገልብጠን ስናየው የልጅቷ አውራ ጣት ሰሙ ላይ ያረፈበት ምልክት እንዳለ ብሩ ላይ ቀርቷል። አባባ በሞረድ ሊያጠፉት ሲሉ ነው የደረስንበት።

የአገራችን ታሪክ ሲጻፍም ሞረዱ ብዙ ሠርቷል ብለን እናምናለን። እስቲ ወደ ኋላ ሄድ ብለን እንየው።

የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ዘመን፣ ማለትም ከ3ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ የወርቅ ገንዘብ አውጥተዋል። በአንዳንድ የብርና የመዳብ ገንዘቦቻቸው ላይ ደግሞ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ወይም መስቀሉን ብቻ ለይተው በወርቅ ይለብጡ ነበር። ገንዘቡ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ነው፤ በዚያ ላይ ወርቅ መለበጥ ምን ዓይነት ዓይንና እጅ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምት። እንዱቢስ፣ ዑሳናስ፣ ዔዛና፣ ካሌብ እያልን የነገሥታቱን ስም ከገንዘቡ ላይ እናነባለን። የቀረጸው ሰው ስም ግን የለም።

ወደ ጎንደር ዘመን ስንመጣ፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሰጡት እንደ ሆነ የሚታመን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አለ። ሁለቱም ከመቅደላ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ፣ በእንግሊዝ ጦር ተዘርፈው ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። ይመለሱ የሚለው ክርክር የታወቀ ነው፤ ትክክለኛ ክርክርም ነው። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን «ማን ሠራቸው?» ብለን የጠየቅን? የሙዚየሙ መዝገብ የጽዋውን ሠሪ ወልደ ጊዮርጊስ ይለዋል። አንድ ስም! ከብዙ መቶ ዓመት የወርቅና የብር ሥራ ውስጥ ስሙ የተረፈ አንጥረኛ ሲገኝ እንደ ብርቅ የሚቆጠር ከሆነ፣ የቀሩት የት ገቡ?

የቀሩት በስድብ ውስጥ ገቡ። ባለ እጅ ሁሉ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ነበር። በእርግጥ አንጥረኛው ከብረት ቀጥቃጩ ይሻል ነበር፤ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት ዘውድ፣ ጽናጽል፣ መስቀል ይፈልጋሉና ያስጠጉታል። ግን አስጠግተው አያጋቡትም። በብዙ አካባቢ ባለ እጅ ርስት የለውም፤ መሬት ስለሌለው በእጁ ይኖራል፣ በእጁ ስለሚኖር ይናቃል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ባለ እጆች ሌሊት ጅብ ይሆናሉ የሚለውን እምነት ጽፎልናል። ለማስረጃ የሚጠቀሰው ምን ነበር መሰላችሁ? ተገደሉ በተባሉ ጅቦች ጆሮ ላይ የተገኘ የወርቅ ጉትቻ! የገዛ እጁ ሥራ ምስክር ሆኖ መጣበት።

ይህንኑ ሰው ግን ያለ እሱ መኖር አልተቻለም። በተለይ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት የማርትሬዛ ብር በየገበያው ሲሰራጭ አንጥረኛው የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ ሆነ። ብሩ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። አንድ ብር አንድ ወቄት ነበር፤ ገንዘቡ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ሆኖ ያገለግላል። ገበሬው ከብቱን ሸጦ ያገኘውን ብር ይዞ ለሚስቱ ድሪ፣ ለሴት ልጁ አልቦና አምባር፣ ለራሱ መስቀልና የጆሮ ኩክ ማውጫ ያሠራል። ወርቅ ማጌጥ የመኳንንት ወግ ነበርና ብዙው ሰው በብር ያጌጣል። ባንክ ባልነበረበት አገር የሴቲቱ አንገት ባንክ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ድሪው ተመዝኖ ይሸጣል፤ ደግ ቀን ሲመጣ ብሩ ተመልሶ ድሪ ይሆናል። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ማርትሬዛ ከገንዘብነት ሲወርድ እንኳ አንጥረኛው ቤት አልተሻረም።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን የገባቸው ይመስላል። በጥር 1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት እያሉ ማዋረድ ጥበብን ከአገር እንደሚያጠፋ አስታወቁ። አዋጁ ትልቅ ነው። ይሁንና በዚያው ዘመን ለዘውድና ለጌጥ ሥራ እንደ ዲክራን ኤቤያን ያሉ የአርመን አንጥረኞች በቤተ መንግሥት ስማቸው ሲጠራ፣ ያገሬው ሰው ስም አሁንም አይጠራም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅም የርስትን ነገር ከሥሩ ሲነቅል ባለ እጅን ከመሬት ያገለለው ግድግዳ በሕግ ፈረሰ። በሕግ እንላለን። ልብ አዋጅ አይሰማም።

የቀረው ምን እንደ ሆነ ያየነው በሦስተኛው ጉብኝታችን ነው። አንዲት ሴት የእናታቸውን ድሪ ይዘው መጡ፤ ሁለት ቦታ ተበጥሷል። አባባ መጀመሪያ በፊታቸው መዘኑት፤ ቁጥሩን ጮክ ብለው ተናገሩና በደብተር ጻፉ። ከዚያ በሎሚ ውሃ አጠቡት፤ የተበጠሰውን ቀለበት በጉጠት ገጣጥመው፣ ቦራክስ ቀብተው፣ ቀድሞ የሚቀልጥ ድብልቅ ቅንጣት ጣል አድርገውበት እሳቱን ነፉበት። ቅንጣቷ ድንገት እንደ ውሃ ሮጣ ስንጥቁ ውስጥ ገባች። እሳቱ ለአንድ አፍታ ቢቆይ ኖሮ ድሪው ራሱ ይቀልጥ ነበር። ሲያበቁ እንደ ገና መዘኑት። ሴትዮዋ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ አልነቀሉም፤ ሻይ ቢቀርብላቸውም አልቀመሱም። ከሄዱ በኋላ ለምን ብለን ስንጠይቅ አባባ ሳቁ። «እናታቸውም እንዲሁ ነበሩ። ድሪውን የሠራው አባቴ ነው፤ ያኔም እዚሁ ቁጭ ብለው ነው ያሠሩት። ሻዩን ግን የሚተዉት ብሩን ፈርተው አይደለም» አሉን።

እውነቱን ለመናገር አልገባንም ነበር። በኋላ ነው ወንድ ልጁ ወደ ውጭ ሲሸኘን የነገረን።

ሥራው እየተለወጠ ነው። ደንበኞች ዛሬ ስልካቸውን ከፍተው የዱባይ ጌጥ ፎቶ ያሳያሉ፤ ከዓረብ አገር የተመለሱ እኅቶቻችን በጉልበታቸው ያመጡትን 21 ካራት ወርቅ ለእናታቸው መስቀል እንዲሆን አስቀልጠው ያሠራሉ። የወርቅ ቤቶች መናኸሪያ የነበረችው ፒያሳም በ2016 ዓ.ም. ሰፊ ክፍሏ ፈርሷል። ይህ ሁሉ ይጻፋል፤ እኛም እንጽፈዋለን ብለን ነበር። በዚህች መጽሔት ላይ የእነዚህን ሦስት ሰዎች ስም ከነሥራቸው አስፍረን፣ ከወልደ ጊዮርጊስ ስም ቀጥሎ ሦስት ስም እንጨምራለን ብለን ተማምለን ነበር። ጽሑፉን አርቅቀን አባባ ፊት አነበብንላቸው። በጥሞና አዳመጡ። የአክሱሙን ደስ አላቸው። ከዚያ «ልጆች፣ ጥሩ ነው። ስማችንን ግን አውጡት» አሉን።

«ለምን አባባ?»

«ልጅቷ ለጥር ታጭታለች። የባልየው ቤተሰብ ቢሮ ትሠራለች ነው የሚሉት። ሰርጉ ይለፍ።»

ልጅቷ ቀና አላለችም። የሰም ክር እያንከባለለች ነበር።

በግቢያችን ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የተሰበሰቡትን መስቀሎች ሁላችንም አይተናል፤ እንግዳ ሲመጣ ይዘን እንገባለን፤ ኮርተንም እንወጣለን። አንድ ነገር እንለምናለን። በሚቀጥለው ጊዜ ስትገቡ የመስቀሉን ጀርባ ለማየት ሞክሩ፤ የጣት ምልክት ካለ ታገኙ ይሆናል። ቅኔ ስትፈቱም ሰሙን ለመጣል አትቸኩሉ። የእኛ ጽሑፍ ሦስት ስም ጎድሎታል፤ አንዱ ክንፉ ሳይሞላ የወጣ መስቀል ማለት ነው። አንጥረኛው ቢሆን መልሶ ያቀልጠው ነበር። እኛ ጎዶሎውን እንዳለ አቅርበነዋል፤ ለምን እንደ ጎደለ አንባቢ ይወቀው ብለን።