ከማይጨው እስከ ቴሌግራም፦ የነፋስ ስልክ ትምህርት

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በስሙ ውስጥ አንድ አሮጌ ቴክኖሎጂ ይዟል። የዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ አባቶቻችን "የነፋስ ስልክ" የሚሉት ያለ ሽቦ በአየር ላይ መልእክት የሚያስተላልፈውን የሬዲዮ ቴሌግራፍ ነበር። ባለሽቦው ስልክ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ይሄዳል። የነፋስ ስልክ ግን መቀበያ ላለው ሁሉ ይደርሳል፤ ወዳጅና ጠላት አይለይም።

ይህ ልዩነት በ1928 ዓ.ም. ዋጋ አስከፍሏል። መጋቢት 22 ቀን ከተደረገው የማይጨው ጦርነት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከኮረም ለእቴጌ መነን በሬዲዮ መልእክት ላኩ። የጠላትን ምሽግ ለማጥቃት መወሰናቸውን ገልጸው፣ ነገሩ ለጳጳሱና ለሹማምንቱ በምስጢር ተነግሮ ጸሎት እንዲደረግ አሳሰቡ። መልእክቱን ግን ጣሊያኖችም ጠልፈው ሰሙት። ማርሻል ባዶሊዮ ጥቃቱ እንደሚመጣ አውቆ ጠበቀ። ማይጨው ላይ ድል የጠፋው በዚህ ብቻ አይደለም፤ አውሮፕላኑ፣ መድፉና የመርዝ ጋዙም ነበሩ። ቢሆንም "በምስጢር" የተባለው ቃል የተላከው ምስጢር በማይጠብቅ መንገድ ነበር።

ከ77 ዓመት በኋላ ጠላፊው መስማት ብቻ ሳይሆን ማጥመድም ተማረ። በመጋቢት 2005 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር በኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን ይፋ አደረገ። ማጥመጃው የግንቦት 7 አባላት ፎቶግራፍ ነበር፤ ፎቶው ነው ብሎ ፋይሉን የከፈተ ሰው ኮምፒውተሩን ለሰላይ ይከፍታል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ በተላከ ፋይል ኢላማ መደረጋቸውን ተቋሙ ዘገበ። ሐኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሰነዶች በ2007 ክረምት ሾልከው ሲወጡ ኢንሳ ደንበኛው እንደነበር ታየ።

በዚያ ዘመን ራስን መጠበቅ ራሱ ያስከስስ ነበር። በሚያዝያ 2006 ስድስት የዞን 9 ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። የቡድኑ ስም የመጣው ከንፋስ ስልክ ላፍቶ አጠገብ ካለው ከቃሊቲ እስር ቤት ነው፤ እስር ቤቱ ስምንት ዞኖች ስላሉት፣ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር "ዘጠነኛው ዞን" አሉት። በሽብር ክሱ ላይ ከቀረቡት ነገሮች አንዱ መረጃን በኢንተርኔት ላይ በምስጢር ቁልፍ የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። የአምስቱ ክስ በሐምሌ 2007 ተቋረጠ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው።

እስከዚህ ድረስ አደጋው ከላይ የሚመጣ ነበር። የ2014ቱ ግን ከጎን መጣ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ትግራዋይ ነበሩ። በጦርነቱ ወቅት፣ በመስከረም 2014 መጨረሻ፣ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ተለጠፈ። የሚሠሩበትና የሚኖሩበትም ተጠቆመ። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው ደጋግሞ አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን ፕሮፌሰሩ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከልጥፎቹ አንዱ ደንብ መጣሱን ኩባንያው ለልጃቸው ያሳወቀው ከግድያው በኋላ ነው። ቤተሰቡ በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ፤ የኬንያ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። በአገር ቤት የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግድያው ሲፈጸም ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። አዋጁ ብቻውን አላዳናቸውም።

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ደኅንነት ሲነሳ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። የይለፍ ቃልን ማጠንከር፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ማብራት፣ በቴሌግራም ስልክ ቁጥርን መደበቅ፣ ያልጠበቁትን ፋይል አለመክፈት። ሁሉም ትክክል ነው፤ ከፊንስፓይ ዓይነቱ ወጥመድም የሚያድነው ይኸው ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ፕሮፌሰር መዓረግን የትኛውም የይለፍ ቃል አያድናቸውም ነበር። ጉዳዩ እሳቸው የጻፉት አልነበረም፤ ሌሎች ስለ እሳቸው የጻፉት፣ ያጋሩትና "ላይክ" ያደረጉት ነው።

ስለዚህ የደኅንነቱ ግማሽ ያለው በሌላው ሰው ጣት ላይ ነው። በጀሞም ይሁን በሳሪስ የኮንዶሚኒየም ግሩፕ ውስጥ የጎረቤትን ፎቶ፣ የብሎክ ቁጥርና ብሔር አያይዞ "ይህን ሰው ተጠንቀቁት" የሚል ልጥፍ ሲመጣ ሦስት ነገር ማድረግ ይቻላል፦ አለማጋራት፣ ሪፖርት ማድረግ፣ ለተጠቀሰው ሰው ፈጥኖ መንገር። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል። የፌስቡክ መልስ ባሕር ዳር ዘግይቶ ደርሷል፤ የጎረቤት ስልክ ግን ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።