የሰኞ ሳል

አጎቴ የሚታመመው ሰኞ ሰኞ ነበር። ይህን ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ ራቱን በልቶ በሰላም የተኛ ሰው፣ ሰኞ ማታ ከፋብሪካ ሲመለስ ደረቱን እንደያዘ ደጃፍ ላይ ቁጭ ይላል። ሳሉ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ማክሰኞ ይሻለዋል፤ ረቡዕ ጭራሽ ይረሳዋል። በሳምንቱ ሰኞ እንደገና።

ሚስቱ፣ እኛ እትዬ የምንላት፣ ምክንያቱን ደርሼበታለሁ ባይ ነበረች። “ይኸ የእሑዱ ጠላ ነው!” ትላለች። እሱም አይከራከራትም። ጠላውን ተወ። ሳሉ ግን እሱን አልተወውም። ዓመታት ሲያልፉ የሰኞው ሕመም ወደ ማክሰኞ፣ የማክሰኞው ወደ ረቡዕ ተሻገረ። በመጨረሻ የሳምንቱ ቀን ሁሉ ሰኞ ሆነበት።

ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ተጠየቀ። ሲጋራ ያጨሳሉ? አላጨስም። ይጠጣሉ? ድሮ። አክታው ታየ፣ የሳንባ ነቀርሳ የለበትም ተባለ፣ የሳል ሽሮፕ ተሰጠንና ወጣን። ምን እንደሚሠራ የጠየቀው አልነበረም። አጎቴ የሚሠራው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ጥጡ በመኪና በሚበጠርበት ክፍል ነበር። ማታ ሲገባ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ነው። እኛ ልጆች ሳለን “ጋሼ ሸበተ!” እያልን እንስቅበት ነበር።

ነገሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ እሱ ካረፈ በኋላ፣ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ነው። ስለ ሌላ ጉዳይ ሳገላብጥ በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ያሳተመው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ እጄ ገባ። መጽሐፉ ስለ ሠራተኞች በሽታ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ የመጣለት፣ ሞዴና ከተማ ባለው ቤቱ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲጠረግ ነበር። ጠራጊው እየተጣደፈ ሲሠራ አይቶ፣ ረጋ ብትል አይሻልህም ወይ ይለዋል። ሰውዬው ቀና ብሎ፣ እዚህ ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ መቆየት ምን ማለት እንደሆነ ያልሞከረው ሰው አያውቀውም፣ ዓይን ያጠፋል ብሎ መለሰለት። ሐኪሙ ዓይኑን ቢያየው ደም ለብሷል። ከዚያ ወዲህ ራማዚኒ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ሸክላ ሠሪውንም ሌላውንም ሠራተኛ ይጠይቅ ጀመር። ለሐኪሞችም አንድ ነገር አሳሰበ፦ ከጥንት ጀምሮ ለበሽተኛ በምታቀርቡት ጥያቄ ላይ “ሥራህ ምንድን ነው?” የሚለውን ጨምሩበት።

በዚያው መጽሐፍ ተልባና ሄምፕ ከሚባለው ተክል ክር የሚያወጡ፣ ጭረቱን የሚያበጥሩ ሠራተኞች ብናኙ ጉሮሯቸውና ሳንባቸው ገብቶ ያለማቋረጥ እንደሚያስላቸው ጽፏል። መጽሐፉን አጠፍኩና ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሐኪሞች ዛሬ በሽታውን ቢሲኖሲስ ይሉታል፤ በእንግሊዝ አገር ሠራተኞቹ ራሳቸው “የሰኞ ትኩሳት” ብለውት ነበር። ከጥጡ ጋር የቅጠል ስብርባሪና የባክቴሪያ መርዝ አብሮ ይመጣል። ሰውነት በሳምንቱ ውስጥ ብናኙን እንደምንም ይለምደዋል፤ በዕረፍት ቀን ልማዱን ያጣል፤ ሰኞ ሲመለስ የትንፋሽ ቧንቧው ይጠባል። አጎቴን ሰኞ የሚያመው እሑድ ስለ ጠጣ አልነበረም፤ እሑድ ንጹሕ አየር ስለ ተነፈሰ ነው።

ታዲያ እንዲህ የታወቀ በሽታ ለመከላከል ስንት ጊዜ ፈጀ? በማንቸስተር የጥጥ ፋብሪካዎች የሚታየውን ሳል አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1831 ጽፎበታል። አሜሪካ በፋብሪካ አየር ውስጥ ሊኖር የሚገባውን የጥጥ ብናኝ መጠን በደንብ የወሰነችው በ1978 ነው። ያን ጊዜም ባለፋብሪካዎቹ ወጪው በዛብን ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ደንቡን አጸናው። ከራማዚኒ መጽሐፍ እስከዚያ ደንብ 278 ዓመት!

ወደ እኛ እንምጣ። በ1991 እ.ኤ.አ. በአንድ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ጥጡ በሚራገፍበት ክፍል ከመቶ 43 ያህሉ፣ በሚበጠርበት ክፍል ከመቶ 37 ያህሉ ቢሲኖሲስ ተገኝቶባቸዋል። አጎቴ እድለ ቢስ ብቻውን አልነበረም ማለት ነው።

ሕግስ አለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው መከላከያ እንዲሰጥ፣ የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያለውን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ነገር ግን የጨርቅ ማስክ አድሎ “ግዴታዬን ተወጣሁ” ማለት አይበቃም። ብናኙን እዚያው ከመኪናው አፍ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ገንዘብ ሲጠየቅ ሠራተኛውን ጠጪ፣ አጫሽ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ማለት ይቀላል። ሲሚንቶ የሚያራግፈው ወጣትና አበባ እርሻ መድኃኒት የምትረጨው ልጅ ነገ ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ ካርዱ ላይ ሥራቸውን የሚጽፍ ሰው ይገጥማቸው ይሆን?

እትዬ በሕይወት ሳለች ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት። እንዝርቷን አስቀምጣ ሰማችኝ። ጭኗ ላይ ያለውን ባዘቶ እየነካካች ብዙ ዝም አለች።

“እንዲያው” አለች በመጨረሻ፣ “ያቺን ጠላ እንኳ ባልከለከልኩት ኖሮ!”