የአለቃው ስም ታች፣ የመምህሩ ስም ላይ

ሰቆጣ ተወልዶ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን የማያውቅ የለም። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የዋግሹሞች አስከሬን በሳጥን ተቀምጦበታል። ልጅ ሆነን የምንፈራው አስከሬኑን ነበር። ካደግኩ በኋላ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ሆነ። አለቃው ማን ነበር? ግንብ ቢበላሽ አፍርሰህ ትሠራለህ፤ አለት ግን አንዴ ከተፈለጠ አይመለስም። መሮ የያዙት ሁሉ ከመጀመራቸው በፊት፣ ዓምዱ የት እንደሚቀር በሐሳቡ ጨርሶ ያየ አንድ ሰው መኖር አለበት። ስሙን የሚነግረኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ጥበበኞችን የሚመራ ሰው እንዲህ ይረሳል። ስሙ ተጽፎ የቀረለት አለቃ ስፈልግ የማገኘው አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም።

አለ ቺካጎ ተምረው መጡና በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ። እስከ አብዮቱ ድረስም በዳይሬክተርነት መሩት። የእሳቸው እጅ የሚታየውን እንዳለ አሳምሮ የሚሥል እጅ ነው። በእኔ ግምት ከሥዕላቸው ይልቅ ትልቁ ሥራቸው ትምህርት ቤቱ ነው፤ የሚከራከረኝ ካለ ይከራከረኝ።

አሁን የቀጠሯቸውን መምህራን እዩ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን መጣ፤ ቅርጽና ቀለም ብቻ የሆነ፣ ብዙ ሰው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ያለው ሥዕል ይዞ። እስክንድር ቦጎሲያን በ1958 ከፓሪስ መጣ፤ የእሱ ሥዕል ደግሞ የጥንቱን የብራናና የጠልሰም ዓለም ከሕልም ጋር ያደባለቀ ነው። ብራዚል ኖሮ የመጣው ጀርመናዊው ሐንሰን ባሂያም በእንጨት ላይ ቀርጾ ማተምን አስተማረ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ዘሪሁን የትምጌታ በእንጨት ሥራው በዓለም ታወቀ። ሦስቱም መምህራን እንደ ዳይሬክተሩ አይሥሉም። አለ የእሳቸውን አሣሣል ብቻ የሚያስተምር ሰው መቅጠር ይችሉ ነበር፤ ማን ይጠይቃቸው ነበር?

እስክንድር ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ አስተምሮ ወጣ፤ ኋላ አሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተማረ። አለ ግን ወንበሩ ላይ ቀሩ። በጀት፣ ክፍል፣ የቀለም ግዢ፣ ደብዳቤ... ሠዓሊ ቢሮ ሲገባ ብሩሹ ይደርቃል ይባላል፣ እውነት ነው። ከአብዮቱ በኋላ ኃላፊነቱ እሱም ጀርመን ለተማረው ለአብዱራህማን ሸሪፍ ተላለፈ።

ትምህርት ቤቱ ኋላ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ከቴአትር ጋርም በአንድ የጥበባት ኮሌጅ ሥር ተጠቃለለ። ዛሬ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ይጠራል። ከበላዩ የተቋቋመው ኮሌጅ የተሰየመው ግን በእስክንድር ቦጎሲያን ስም ነው! ያቋቋሙትና የቀጠሩት ሰው ስም ታች፣ ሦስት ዓመት ያስተማረው ላይ። አንዳንዱ ይህን በደል ይለዋል። እኔ ግን ተቀጣሪው ከአለቃው እንዲበልጥ በሩን የከፈቱት ራሳቸው አለቃው ናቸው ባይ ነኝ።

ያ በር ግን ከሰቆጣ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሰፈራችን አንድ ልጅ በከሰል ግድግዳ ላይ ፈረስ ሲሥል፣ ፈረሱ ሊወጣ ነው ብለን እንሸሽ ነበር። አስተማሪው ግድግዳ አቆሸሽክ ብሎ ገረፈው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት መኖሩን የነገረው ሰው አልነበረም፤ ዛሬ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ባለፈው ክረምት ሳገኘው የመኪናው በር ላይ ፈረስ ሥሏል።

ከዋግ ተነስታችሁ እዚያ ትምህርት ቤት የተማራችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደደረሳችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ልጁ አሁን ልጅ አለው፤ እሱም ግድግዳ ማቆሸሽ ጀምሯል አሉ።